የመጀመሪያው ሰዓት፤ በመንገድና በግንባታ ሥራ ላይ የተጎዳን ሰው ስለ መለየትና ስለ መርዳት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ሀዋሳ ከተማ ላይ የተደረገ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሥራ ደኅንነት አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ፣ አደጋን ስለ መከላከል በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ እንደ ተነገረ አስታወስሁ። የራስ ቁር፣ የደኅንነት ቀበቶ፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ፤ ይህ ሁሉ ተብሏል፤ ገናም ሊባል ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት፣ መከላከሉ ሳይሳካ ቀርቶ ሰው ከወደቀ በኋላ ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሐኪም አለመሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለ ሕክምናው የምናገረው የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና በወሰድሁ ጊዜ የተማርሁትንና ከዚያም ወዲህ ከሐኪሞች መጻሕፍት ያነበብሁትን ነው። ስለ ውሉ፣ ስለ ሥራ ዝርዝሩና ስለ መንገዱ የምናገረው ግን የራሳችን ሙያ ስለሆነ፣ በዚያ ረገድ ብትከራከሩኝ ደስ ይለኛል።

ከዚህ ከተማ ብዙ ሳንርቅ እንጀምር። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዕለቱም እሑድ ነበር፣ በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን ያሳፈረ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 68ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች ነበሩ። ቁስለኞቹ ወደ ቦና ሆስፒታል ተወሰዱ። የጭነት መኪና ሰው መጫን እንደሌለበት፣ የድልድይ መግቢያም ምን ዐይነት መከላከያ እንደሚያስፈልገው በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ በእርሱ ላይ አልቆይም። ልታስቡልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በገጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው አምቡላንስ ወይም ሐኪም አይደለም። ከማሳው የሮጠው ገበሬ፣ ከገበያ የሚመለሰው መንገደኛ፣ የሌላው መኪና ሾፌርና ረዳቱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ርኅራኄ አይጎድላቸውም፤ ሕዝባችን የወደቀን ሰው ትቶ የማያልፍ መሆኑ የታወቀ ነው። የሚጎድላቸው፣ ከብዙ ጉዳተኞች መካከል ማንን አስቀድመው፣ ምኑን እንደሚይዙለት የሚያስተምራቸው ሰው ነው።

ወደ ራሳችን የሥራ ቦታ ስንመጣ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ካቦው፣ ፌራዮው፣ አናጢውና የቀን ሠራተኛው ነው። እነዚህን ሰዎች የቀጠራቸው ተቋራጩ ነው፤ ሥራቸውን የሚቆጣጠረውና በሥራ መዝገቡ ላይ የሚፈርመው ግን እዚህ የተቀመጥነው ነን። ለኮንክሪት ጥራት የምንጠይቃቸውን ያህል ለዚህም ልናሠለጥናቸውና ልንጠይቃቸው እንችላለን።

አንዳንዶቻችን የሕንፃ ሥራ አደጋ ከመኪና አደጋ የቀለለ ይመስለናል። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። ከ3 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከ6 ሜትር ሲሆን 39፣ ከ9 ሜትር ሲሆን 48 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ፎቅ የሚለስን ሠራተኛ ቢወድቅ፣ በከተማ ውስጥ በሚሮጥ መኪና እንደ ተመታ ሰው ይቆጠራል። ያውም መኪናው በተወሰነ ደረጃ ይታጠፋል፣ መስታወቱም ይሰበራል፤ የወለል ኮንክሪት ግን አይታጠፍም። ሰውነቱ ያንን ሁሉ ጉልበት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቀበላል። ሐኪሞችም ከዚህ ተነሥተው አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምራሉ። በእግሩ ቆሞ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ ሰው፣ ጀርባውን አላመመኝም ቢልም እንኳ አከርካሪው ሳይመረመር አይለቀቅም፤ በተረከዝ የገባው ኀይል በእግር አጥንትና በዳሌ በኩል አልፎ ወገብ ላይ ሊያርፍ ይችላልና። ይህን የጭነት መተላለፊያ መንገድ ከእኛ የተሻለ ሊረዳው የሚችል ሙያተኛ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ርዳታ ቅደም ተከተል ለመናገር አንድ ታሪክ ማስቀደም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ቤተ ሰቡን አሳፍሮ ራሱ ያበርራት የነበረች ትንሽ አውሮፕላን በነብራስካ ገጠር ወደቀች። ሚስቱ ሞተች፤ ልጆቹም በብርቱ ተጎዱ። ልጆቹን ይዞ በአቅራቢያው ወደነበረው ትንሽ ሆስፒታል ሲደርስ የተደረገላቸው ርዳታ ሥርዓት የሌለው ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ የትምህርት ፕሮግራም አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው ሥልጠና በ1978 ተሰጠ፤ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀብሎ አስፋፋው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሽታው ምን እንደሆነ በሙሉ እስኪታወቅ ድረስ አትጠብቅ፤ ቀድሞ የሚገድለውን ቀድመህ ያዝ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው እለፍ። ቤት ሲዘም ስንጥቁን ሁሉ ለክተን እስክንጨርስ ድረስ ድጋፍ ሳናቆም እንደማንቀመጥ ማለት ነው።

ቀድሞ የሚገድለው ወደ ውጭ በብዛት የሚፈስስ ደም ነው። ሐኪሞች «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት አነጋገር አለ፤ ሰዓት መባሉ ግን ሊያዘናጋን አይገባም። የጭኑ ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ አምቡላንስ ቢጠራለት አይደርስለትም፤ ሊያድነው የሚችለው አጠገቡ የቆመው ሰው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ልብሱን ቀድዶ የሚደማውን ቦታ ማየት፣ በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅ፣ በሙሉ የሰውነት ክብደት መጫን ይገባል። ቁስሉ ጥልቅና ክፍት ከሆነ ጨርቁን ከላይ ከማልበስ ይልቅ ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ መሙላት፣ ከዚያም መጫን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ደሙ መቆሙን ለማየት ጨርቁን በየደቂቃው ያነሣል፤ ሊረጋ የጀመረውም ደም ተመልሶ ይፈታል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይነሣ መቆየት አለበት። በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ሥር ማሰሪያ ስለማይሠራ እዚያ ያለው መድኀኒት ይህ መጫን ብቻ ነው።

በእጅና በእግር ላይ መጫኑ ካልበቃ ማሰሪያው፣ ሐኪሞች ቱርኒኬት የሚሉት፣ ይገባል። ስለ እርሱ የቆየ ፍርሃት አለ፤ «እግሩን ታስቆርጠዋለህ» ይባላል። የዛሬው ትምህርት ግን ማሰሪያው እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ቢቆይ ለአካሉ የሚያሰጋ እምብዛም እንዳልሆነ፣ ሳይታሰር የቀረው ደም ግን ሰውየውን ራሱን እንደሚወስድ ነው የሚያስረዳው። ማሰሪያው ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያርፍ ይታሰራል። ስፋቱ ከአራትና ከአምስት ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ሲባጎ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ እንጂ ደም አያቆሙም። የተዘጋጀው ዕቃ ከሌለ ከነጠላ የተቀደደ ሰፊ ጨርቅ ታስሮ፣ ጠንካራ እንጨት ገብቶበት፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ ይጠመዘዛል። ያማል፤ ጉዳተኛው ይጮኻል፤ ሆኖም በላላ ማሰሪያ ማሰር ካለማሰር የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ታች የሚወርደውን ደም ሳያግድ የሚመለሰውን ብቻ ያግዳልና። የታሰረበት ሰዓት በጉዳተኛው ግንባር ላይ ወይም በሚታይ ቦታ ይጻፋል፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስም አይፈታም።

ደም ሁሉ ግን ወደ ውጭ አይፈስስም። ከባዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም ወደ 5 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ቢፈስስ ብዙ ምልክት አይታይም። እስከ አንድ ሊትር ተኩል ሲደርስ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ይሆናል፤ ቆዳው ይቀዘቅዛል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ የደም ግፊቱ ግን ገና እንደ ነበረ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፤ ሰውየውም መቀባጠር ይጀምራል። ሁለት ሊትር ካለፈ ሞት በር ላይ ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በተማሪ ቤት የተማርነው ብረት የበዛበት ቢም ነው። በልኩ ብረት የገባበት ቢም ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ሰው እንዲሸሽ ጊዜ ይሰጣል። ብረት የበዛበት ግን ጭነቱን ያለ ምልክት ተሸክሞ ይቆይና ኮንክሪቱ በአንድ ጊዜ ይደቅቃል። ወጣት ጉዳተኛ እንደዚህ ነው። የሥራ ቦታችን ሰው ደግሞ አብዛኛው ወጣት ነው። ሰውነቱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን ጠብቆ ይቆያል፤ ያናግረናል፤ «ደኅና ነኝ» ይለናል፤ እኛም አመንነው እንላለን።

በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ የሕንፃ ሥራ ላይ አንድ ፌራዮ ከሁለተኛው ፎቅ ወደቀ። ክንዱ ተቀድዶ ይደማ ስለነበረ የሰው ሁሉ ዐይን ክንዱ ላይ ነበር፤ ያም በደንብ ታሰረለት። እርሱ ራሱ ይናገር ነበር፤ ውሃ ስጡኝ ይል ነበር። ከዚያም አራት ሰዎች እጅና እግሩን አንሥተው፣ መካከሉ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሎ፣ ፒክአፕ ውስጥ አጥፈው አስገቡት። መንገድ ላይ በነበረ አንድ ክሊኒክ ሲቆሙ አንዲት ነርስ ፊቱን አየች፤ ጥፍሩን ተጭና ለቀቀችው፤ ወዲያውም አንሶላ አስመጥታ ዳሌውን ከታፋ መጋጠሚያው ላይ ጠቅልላ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ ሁለቱን ጉልበቶቹንም አንድ ላይ አሰረቻቸው። ሆስፒታል ሲደርስ የዳሌ አጥንቱ ተከፍቶ ብዙ ደም ወደ ውስጥ መፍሰሱ ታወቀ። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ። ሊገድለው የነበረው ግን የሁላችንም ዐይን ያረፈበት ክንድ አልነበረም።

ነርሷ ያደረገችው የጥፍር ምርመራ ማንም ካቦ ሊማረው የሚችል ነው። ጥፍሩን ለ5 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ሲለቁት ቅላቱ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከዘገየ ደሙ ወደ ዳር አካል አልደረሰም ማለት ነው። ሐኪሞች የተሰወረ ደም የሚፈልጉባቸው ቦታዎች ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌና ጭን ናቸው። የተሰበረ የጭን አጥንት ብቻውን ከአንድ ሊትር በላይ ደም ሊሰውር ይችላል። ስለዚህ ከከፍታ የወደቀ ወይም በመኪና የተመታ ሰው ፊቱ ከገረጣ፣ ላቡ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ቁስል ባይታይበትም ከሁሉ ቀድሞ የሚወሰደው እርሱ ነው።

በቦና እንደ ደረሰው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳም ይኸው ዘዴ ያገለግላል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ቀላል የመለያ ሥርዓት አለ። በመጀመሪያ «መራመድ የሚችል ወደዚህ ይምጣ» ይባላል፤ የመጡት ለጊዜው ይቆያሉ። የቀሩት አንድ በአንድ ይታያሉ። ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 በላይ የሆነ፣ የእጁ ትርታ የማይገኝ ወይም የጥፍሩ ቅላት የዘገየ፣ «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይታዘዝ፣ ከሦስቱ አንዱ ከታየበት አስቸኳይ ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አብዝቶ የሚጮኸው ሰው ቢያንስ ትንፋሽ አለው፤ ዝም ያለው ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የእናት ጩኸት እየተሰማ ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ መለማመድ የሚገባው።

ስለ አየር መተላለፊያና ስለ ጭንቅላት ባጭሩ ልበል። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፤ መንጋጋውን ከሥሩ ይዞ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ትንፋሹን ሊመልሰው ይችላል። ትራስ ከራሱ ሥር ማድረግ፣ እንደ ልማዳችን፣ ጉሮሮውን ያጥፈዋል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ የነበረና የነቃ ሰው ደግሞ ነቃ ተብሎ ወደ ቤቱ አይሰደድም። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የሚጠራቀም ደም ሰውየውን ለጥቂት ሰዓት አነጋግሮ ኋላ የሚጥል ነው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከተጫነው፣ አንዱ የዐይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ጊዜ የለም።

አሁን በመጻሕፍት ውስጥ ብዙ ወደማይገኘው፣ ለእኛ ግን ዕለታዊ ወደሆነው ልለፍ። በቆመ ፌሮ ላይ የወደቀ ሰው ሲያጋጥም የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳብ ነቅሎ ማውጣት ነው። ፌሮው የተቀደደውን የደም ሥር ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል አይነቀልም። ዙሪያውን በጨርቅ አስደግፎ፣ ሰውየውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ብረቱን ከሰውነቱ ራቅ አድርጎ በመቁረጥ ከነብረቱ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። መቁረጫው ሲሠራ ብረቱ ስለሚግል ውሃ እያፈሰሱ ይቆረጣል። በነገራችን ላይ የቆመን ፌሮ ጫፍ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቆብ መሸፈን ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሀዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሐይቅ ደለልና በእሳተ ገሞራ አመድና ፐሚስ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እንዲህ ያለው አፈር በቁፋሮ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆምና መሐንዲሱን ያታልላል፤ ከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከላይ ቢታይም ሳንባውን ማስፋት አይችልም። ቀድሞ ፊቱና ደረቱ በእጅና በአካፋ ይገለጣል፤ ኤክስካቫተር ግን አይቀርብም፤ አዳኞችም ድጋፍ ሳይቆም አይገቡም፤ ሁለተኛው ናዳ የሚገድለው አዳኙን ነውና። እግሩ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ የቆየ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1941 በለንደን የቦምብ ድብደባ ጊዜ ባይዋተርስ የተባለ ሐኪም ከፍርስራሽ በሕይወት የወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ በኩላሊት መድከም መሞታቸውን ተመልክቶ ጻፈ። የተደቆሰው ጡንቻ ሲለቀቅ መርዙን ወደ ደም ይለቅቃል። ስለዚህ እግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ የተያዘበት ሰው፣ ትንፋሹ ካልተቸገረ፣ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት የጤና ባለሙያ ተጠርቶ በደም ሥሩ ፈሳሽ ቢጀመርለት ይመረጣል።

በአስፋልት ሥራ ላይ የሚደርሰው የሬንጅ ቃጠሎ ነው። ሬንጁ ከ150 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው። ሠራተኞች እጃቸውን ከሬንጅ ለማጽዳት የለመዱትን ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ቁስል ላይ ማፍሰስ፣ የተጣበቀውንም መላጥ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቁስል ላይ የቡና ዱቄት የማድረግ ልማድም ሐኪሙ በኋላ ለሚያደርገው ጽዳት እንቅፋት ነው። ወጌሻን በሚመለከት ግን በጅምላ የሚነቅፉትን አልደግፍም። ለብዙ ገጠር ሰው ያለው እርሱ ብቻ ነው፤ ወለምታንና ቀላል ስብራትንም ያውቃል። ሆኖም አጥንት ቆዳ ቀድዶ ከወጣ፣ ወይም ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ፣ የቀርከሃው እስር ደም አግዶ እጅን ሊያስቆርጥ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው።

ጉዳተኛው ውሃ ሲለምን መከልከል ለባህላችን ይከብዳል። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ግን ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃል። በምትኩ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። የቀዘቀዘ ደም አይረጋም፤ ስለዚህ እርጥብ ልብሱን አውልቆ በጋቢ መጠቅለል፣ ከሥሩም ማንጠፍ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ሲነሣም ራሱ፣ ጀርባውና እግሩ በአንድ መስመር ተይዘው፣ ብዙ ሰው በአንድ ትእዛዝ አገላብጦ ሳንቃ ላይ ያሳርፈዋል። ለካሳ ፎርማ የምንጠቀምበት ሳንቃ በየሥራ ቦታው አለ። እሳት፣ ናዳ ወይም መኪና ካላስገደደ በስተቀር የሚያጣድፍ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሐኪሞቹ ፈንታ ነው። በዚህም ረገድ አገራችን ከነበረችበት አልቆመችም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃንም በ2013 ወጡ። እዚህም በከተማችን የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና አዳሬ ሆስፒታል አሉ። አምቡላንስም ቢሆን ለደቡብ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ያገለግል የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በመልካ ዲዳ በጣሊያን አውሮፕላኖች መደብደቡ ይታወሳል። ለእኛ የሚያሳስበን ጊዜው ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርግ ርካሽ መድኀኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመውና ከ20,000 በላይ ጉዳተኞችን በ40 አገሮች ያካተተው ጥናት፣ መድኀኒቱ ከአደጋው በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ፤ ከሦስት ሰዓት ካለፈ ግን ሊጎዳ እንደሚችል ታወቀ። እንግዲህ ሰዓቱን የሚበላው መንገዱ፣ ጥሪው፣ ፍለጋውና ጭነቱ ነው፤ ከእነዚህም ገሚሱ የእኛ ሥራ ነው።

ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የሚደውል ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ነው?» የሚል ነው። በሻሸመኔና በሀዋሳ መካከል፣ ወይም ከሀዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሾፌር ምን ብሎ ይመልሳል? የኪሎ ሜትር ድንጋይ በብዙ መንገዶቻችን ላይ ወድቋል፣ ተነቅሏል ወይም በሣር ተውጧል። በጥገና ውል ውስጥ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ፣ ገንዘብ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚሰረዝ ዕቃ ነው። ርዝመቱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን በታቀደው የሞጆ–ሀዋሳ ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። መግቢያና መውጫው የተወሰነ መንገድ ላይ፣ በመካከለኛው ከፋይ ማዶ ለሚገኝ ጉዳተኛ አምቡላንሱ እስከሚቀጥለው መውጫ ሄዶ መመለስ ይኖርበታል። ለአደጋ ጊዜ የሚከፈት መሻገሪያ የት የት ይሁን የሚለው በንድፍ ጊዜ መወሰን ያለበት እንጂ ለኋላ የሚተው አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ውሉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያ ርዳታ በጊዜው እንዲሰጥና ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ቦታ እንዲያደርስ ያዛል። «ቀዩ መጽሐፍ» የምንለው እ.ኤ.አ. የ1999 የውል ሁኔታም በአንቀጽ 6.7 የሕክምና ባለሙያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫና የአምቡላንስ አገልግሎት በሥራ ቦታው ምን ጊዜም እንዲኖር ተቋራጩን ያስገድዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው እያወቁ ሳይረዱ መተውን ያስቀጣል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ሥራው የማይታየው ለምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የሚገኘው በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሠንጠረዡ ውስጥ ነው። ደኅንነት እዚያ «በአጠቃላይ ወጪዎች ውስጥ ተካትቷል» ተብሎ ያልፋል፤ ወይም በአንድ ጥቅል ዋጋ ይቀመጣል። ያልተለካ ሥራ ለክፍያ አይቀርብም፤ ለክፍያ ያልቀረበውን ተቋራጩ አይሠራውም፤ ተጠሪ መሐንዲሱም አይጠይቀውም። ቁፋሮን በሜትር ኩብ፣ ፌሮን በኪሎ ግራም የምንለካ ሰዎች ይህን በጥቅል ትተነዋል።

የሚቃወሙኝ ይኖራሉ። ተቋራጩ በጨረታ ዋጋ ውስጥ አስገብቶታልና ሁለት ጊዜ እንከፍላለን የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። በዋጋው ውስጥ ገብቶ ከሆነ በሥራ ቦታው ላይ ማየት ነበረብን፤ ተለይቶ ቢለካ ግን ያልቀረበው አይከፈልም። ሌላው ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው ከሚነካካው ባይነካካ ይሻላል ይላል። በዚህ ከፊሉን እስማማለሁ፤ ለዚህም ነው ሥልጠናው ራሱ የሚለካ ሥራ እንዲሆን የምጠይቀው።

ስለዚህ ለቴክኒክ ኮሚቴያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በማኅበራችን አባላት በሚዘጋጁ የሥራ ዝርዝሮች ውስጥ አንድ ክፍል ይጨመር፤ በውስጡም የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነ ሰው በየፈረቃው በወር የሚለካ፣ ቱርኒኬትና የቁስል መሙያ ፋሻ በቁጥር፣ የጉዳተኛ ማንሻ ሳንቃ በቁጥር፣ ተጠባባቂ መኪና በቀን፣ የልምምድ ቀን በየሦስት ወሩ ይግቡበት። ልምምዱ ሳይደረግ የወሩ የክፍያ ሰርተፊኬት በዚያ ረድፍ ላይ ዜሮ ይጻፍበት። የሠንጠረዡን ረቂቅ ከነመለኪያ ዘዴው ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቤአለሁ፤ የአንዱን ዕቃ ዋጋ ከሀዋሳና ከአዲስ አበባ ገበያ አጣርቶ የሚሞላልኝ ባልደረባ እፈልጋለሁ።